ራሱን ነቀነቀ፤ ምን አለ?

ወሎ፣ መርሳ ገበያ፣ እህል ተራ። አንዲት እናት የጆንያቸውን አፍ ጠቅልለው ከፊታቸው አቁመዋል፤ ጣሳው ማሽላው ውስጥ እስከ ግማሹ ተቀብሯል። አንድ ገዢ ጎንበስ ብሎ ከማሽላው ቆነጠረና አፉ ውስጥ ጣል አድርጎ ቆረጠመው። ዋጋ ጠራ። እሳቸው ሌላ ቦታ ያያሉ። ጥቂት ጨመረ። አሁንም ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጨምር ዘወር አሉና አገጫቸውን አንዴ ወደ ላይ ቀና፣ ቅንድባቸውን ሰቀል አድርገው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳቡ። ድምፁ ከሹክሹክታ አይበልጥም። ገዢው ወዲያው ከረጢቱን ዘረጋ፤ እሳቸውም ጣሳውን አነሱ። ዋጋ ተቆረጠ።

ለአገሩ ሰው ይህ ምንም አይገርምም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ግን «ሴትዮዋን ምን አስደነገጣቸው?» ብሎ ይጠይቃል። አማርኛ የሚማሩ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች መጀመሪያ የሚያደናግራቸው ይኸው ወደ ውስጥ የሚሳብ «አዎ» ነው፤ በስልክ ሲሰሙትማ ሰውዬው ክፉ ወሬ የደረሰው ይመስላቸዋል።

እኔን ወደዚህ ነገር የመራኝ ግን ገበያው ሳይሆን ክፍል ውስጥ የተነሳ ጥያቄ ነው። በዚያው አካባቢ፣ በሐብሩ ወረዳ፣ እንግሊዝኛ አስተምር በነበረበት ጊዜ ከምንባቡ ውስጥ «ኖድ» የሚል ግስ ወጣ። አንድ ሰው ተጠየቀ፣ መልሱንም በዚህ ግስ ሰጠ። እኔም ሳላመነታ «ራሱን ነቀነቀ ማለት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እሺ ብሎ ነው እምቢ ብሎ?» አለችኝ። ሰሌዳውን ዞር ብዬ አየሁት። የጻፍኩት ቃል ጥያቄዋን አይመልስም ነበር።

እውነቷን ነው። «ነቀነቀ» አቅጣጫ የሌለው ግስ ነው። ችካል ይነቀነቃል፤ የብርቱካን ዛፍ ፍሬው እንዲረግፍ ይነቀነቃል፤ የሽማግሌ ጥርስ ይነቃነቃል። ከዚሁ ሥር «ንቅናቄ» ወጥቶ የፖለቲካ ድርጅቶች መጠሪያ ሆኗል። ቃሉ መናወጡን ይነግረናል እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች ይሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አይነግረንም። ለዚህ ነው ደራሲዎቻችን «በአዎንታ ነቀነቀ»፣ «በአሉታ ነቀነቀ» እያሉ ለግሱ ምርኩዝ የሚያስይዙት። ይህ ደግሞ የመጽሐፍ አማርኛ ነው። መርሳ ገበያ ላይ «በአዎንታ ነቀነቁልኝ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ሰው የሚለው «በአንገታቸው እሺ አሉኝ» ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱ እንቅስቃሴዎች ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ እኛ አንድ ግስ አለን፣ የቀረውን ዓይን ያየዋል።

ግዕዙ ከዚህ ይልቅ ጠንቃቃ ነበር። «ቀጸበ» የሚል ግስ አለው፤ በዓይን፣ በራስ ወይም በእጅ ጠቅሶ ያለ ቃል መናገር ማለት ነው። ዛሬ «በቅጽበት» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው፤ ዓይን አንዴ ጠቅሶ እስኪመለስ ያለችው ጊዜ። ይህን ቃል በቀን አሥር ጊዜ እንናገረዋለን፤ በውስጡ የዝምታ ንግግር እንዳለበት ግን አናስበውም።

ስለ ራስ መነቅነቅ ስናወራ በወሎ ከሁለቱም ቤተ እምነት አንድ ዓይነት ምስክር እናገኛለን። በመዝሙረ ዳዊት፣ ግዕዙ ሃያ አንደኛ በሚለው መዝሙር፣ መከረኛውን የሚያዩት ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይዘብቱበታል፤ በማቴዎስ ወንጌልም በመስቀሉ አጠገብ የሚያልፉት ይህንኑ ያደርጋሉ። በቁርዓን አስራ ሰባተኛው ሱራ፣ አል ኢስራእ፣ ሃምሳ አንደኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ ትንሣኤን የካዱት ወደ ነቢዩ ራሳቸውን እየነቀነቁ «መቼ ነው እሱ?» ብለው ይጠይቃሉ። በእነዚህ ቦታዎች መነቅነቅ እሺታም እምቢታም አይደለም። ማላገጥ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመም ሆነ ዳና ወደሚባለው ቦታ ወርዶ ኪታብ የቀራ የየጁ ሰው ይህን ሦስተኛ ትርጉም ከልጅነቱ ያውቀዋል። የሁለቱም ትምህርት ቤት ልጆች ፊደላቸውን ሲያጠኑ ከወገባቸው እየተወዛወዙ ነው፤ እሱም ራስ መነቅነቅ ነው፣ ትርጉሙ ግን ከማስታወስ ጋር እንጂ ከመስማማት ጋር አይገናኝም።

አሁን ወደ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ልውሰዳችሁ። ቻርልስ ዳርዊን በሰውና በእንስሳት ላይ ስሜት እንዴት እንደሚገለጥ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ መቅደላ ላይ፣ ከሞቱ ከአራት ዓመት በኋላ። ዳርዊን የሚፈልገው ራስን ወደ ታች መነቅነቅ በዓለም ሁሉ «አዎ» መሆን አለመሆኑን ነበር። የራሱ ግምት ከጡት የተነሳ ነው። ሕፃን ጡት ሲፈልግ ራሱን ወደፊት ያቀርባል፤ ሲጠግብ ወደ ጎን ይመልሳል። እሺታና እምቢታ ከዚያ ይጀምራሉ ብሎ አሰበ። ማየትም መስማትም የማትችለው አሜሪካዊቷ ላውራ ብሪጅማን «አዎ» ስትል ራሷን ወደ ታች፣ «አይ» ስትል ወደ ጎን ትነቀንቅ እንደነበርም ጽፏል። ከሰው አይታ እንዳልተማረችው ግልጽ ነውና ነገሩ ተፈጥሯዊ መሰለው።

ቀጥሎ ግን ግምቱን የሚያናጉ አገሮችን ሲቆጥር እኛ ጋ ደረሰ። አበሾች «አይ» ሲሉ ራሳቸውን ወደ ቀኝ ትከሻቸው ሰበቅ አድርገው አፋቸውን ሳይከፍቱ ትንሽ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማሉ፤ «አዎ» ሲሉ ደግሞ ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀና አድርገው ቅንድባቸውን ለቅጽበት ያነሳሉ ይላል። ይህን ስታነቡ የማሽላ ሻጯ እናት ካልመጡባችሁ አንድ ቀን ወልዲያ ወይም መርሳ ገበያ ዋሉና ተመልከቱ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያለፈበት ዓረፍተ ነገር ዛሬም ማሽላ እየሸጠ ነው።

በእኔ ዓይን ከዓረፍተ ነገሩ ሁለት ግማሾች አንዱ ጸንቷል፣ ሌላው ግን ተሸርሽሯል። «አዎ»ው እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ዳርዊን ያልጠቀሰው ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽ ይታከልበታል። «አይ»ን ግን ዛሬ አብዛኛው ወጣት እንደ ፊልሙ ሰው ግራና ቀኝ ደጋግሞ ይነቀንቀዋል። አንዴ ብቻ ወደ ጎን ሰበቅ አድርገው ምላሳቸውን ከላንቃቸው ቀጭ የሚያደርጉትን የማገኘው ከስድሳ ዓመት በላይ በሆናቸው አባቶች ዘንድ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ያንን የሚያደርጉት ነገሩ ሲሰለቻቸው ነው። ለሐዘን የምናደርገውን ከንፈር መምጠጥ ከዚህ ድምፅ ጋር የሚያምታታው እንግዳ ብዙ ነው። አንዱ «አይሆንም» ነው፣ ሌላው «አይ ልጄን» ነው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ የተመጠጠ ከንፈር ሲሰማ «ምን ከለከሏችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን ያህል ይቸገራል።

ሮማን ያኮብሰን የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ1972፣ ከዳርዊን መጽሐፍ መቶ ዓመት በኋላ፣ «አዎ»ና «አይ»ን በራስ ስለመግለጽ ጽፏል። አውሮፓ ራሷ አንድ እንዳልሆነች አሳይቷል። ቡልጋሪያ ውስጥ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ራስ «አዎ» ነው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደዚያ የተላኩ ልጆቻችን ይህን በራሳቸው ላይ አይተውታል። ግሪኮችና ቱርኮች ደግሞ ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀና፣ ቅንድባቸውን ሰቀል ሲያደርጉ፣ አንዳንዴም ምላሳቸውን ቀጭ ሲያደርጉበት፣ «አይሆንም» ማለታቸው ነው። አስተውሉ። እንቅስቃሴው የእኛው «አዎ» ነው። አገጩ ያው፣ ቅንድቡ ያው፤ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። ልዩነቱ ያለው ድምፁ ላይ ብቻ ነው፤ የእኛ ትንፋሽ ይሳባል፣ የእነሱ ምላስ ቀጭ ይላል።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰውን የባቡር መስመር ግንባታ የያዘው የቱርክ ተቋራጭ ነበር። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ከየጁና ከራያ ብዙ ወጣት የቀን ሠራተኛ ሆኖ ገባ። አንዱ እንዲህ አጫወተኝ። መጀመሪያ ሰሞን አካፋ ይዞ «እዚህ ልቆፍር?» ብሎ በእጁ ሲጠይቅ ፎርማኑ ቀና ይላል። እሱ ይቆፍራል። ፎርማኑ ይጮኻል። «አዎ ብሎኝ ሲያበቃ ለምን ይቆጣል እያልኩ ሳምንት ከረምኩ» አለኝ። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። አንዱ ራስ በሁለት ቋንቋ ተናግሮ ነው።

ሁለተኛዋ ከቤሩት የተመለሰች የሐብሩ ልጅ ናት። በወረዳው ወደ አረብ አገር የሄደ ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ብቻ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ስንቱ የእኛ ጎረቤት እንደነበር የምናውቀው ነው። ይህች ልጅ አሠሪዋን «ልበላ?» ብላ በምልክት ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ቀና ብላ ምላሷን ቀጭ አደረገች። በሊባኖስ ይህ እንደ ቱርኩ ሁሉ «አይ» ነው። ልጅቷ «አዎ» መሰላትና ሳህን አነሳች። ቀጥሎ የሆነውን እዚህ አልጽፈውም፤ እሷም ስትነግረኝ አንገቷን ደፍታ ነበር። ወደ ውጭ ለሚሄዱ ልጆች ከጉዞ በፊት ሥልጠና ይሰጣል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን አነካክ ይማራሉ፤ ጥሩ ነው። ይህን አንድ የራስ ምልክት ለመንገር ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ወደ እንግሊዝኛው ልመለስ፤ የተማሪዬ ጥያቄ ገና አልተመለሰም። «ኖድ» በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብቻ አይደለም። እሺታ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያውቁትን ሰው ያለ ቃል ሰላም ማለት ነው፤ ፈቃድ መስጠት ነው። በስብሰባ አንድ ነገር ያለ ድምፅና ያለ ክርክር ሲያልፍ በዚህ ቃል ይጠሩታል። በእግር ኳስ ተጫዋች ኳሱን በኃይል ሳይመታ በራሱ ነካ አድርጎ ሲያሳልፈው ይህንኑ ግስ ይጠቀማሉ። እነዚህን ተማሪ በቀላሉ ይይዛቸዋል።

የሚከብደው እንቅልፉ ነው። ተቀምጦ እንቅልፍ የጣለው ሰው ራሱ ወደፊት ወደቅ፣ ተመልሶ ቀና ሲል እንግሊዞች ይህንኑ ግስ ይሉለታል። እኛ ለዚህ «ማንጎላጀት» የሚል ያማረ ቃል አለን፤ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገውም ሌላ ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚጓዝ አውቶብስ ውስጥ ከውርጌሳ በኋላ ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ማንጎላጀት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። እንግሊዞች ከዚህ አልፈው ወደ ኦሪት ይሄዳሉ። ቃየል ወንድሙን ገድሎ የተሰደደበት ምድር በመጽሐፍ ቅዱስ ኖድ ይባላል፤ በዕብራይስጡ መንከራተትን የሚያስታውስ ስም ነው። ድምፁ ከግሳቸው ጋር ስለገጠመላቸው «ኖድ ምድር ሄደ» ሲሉ «ተኛ» ማለታቸው ሆነ። ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ለልጆች በጻፋቸው ግጥሞች መካከል በዚህ ስም የተጠራ አለ። የተረገመ ሰው የተንከራተተበት ምድር የሕፃናት መተኛ ሆነ። ይህን ለተማሪ ሳያስረዱ «ራሱን ነቀነቀ» ብሎ ማለፍ፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ግማሽ ማስተማር ነው።

የእኛ አንገት ደግሞ እንግሊዝኛ የማያውቀው ሀብት አለው፤ አብዛኛውም የሚሄደው ወደ ታች ነው። አንገት ይደፋል፣ ይሰበራል፤ ሰው ያቀረቅራል፤ ለጥ ብሎ እጅ ይነሳል። በድሮው አደባባይ ከጌታ ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን አደግድጎ አንገቱን ሰበር ያደርግ ነበር። «አንገቱን ደፍቶ ይማራል» ስንል ጨዋ ነው ማለታችን ነው፤ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ስንል ደግሞ በዚያው አንገት ውስጥ ያለውን ተንኮል እየጠረጠርን ነው። አንዱ ቃል ምስጋናም ክስም ነው። አንገት ቀጥ ብሎ መቆሙ ሳይቀር ትርጉም አለው፤ የወሎ እስክስታ ሲመታ ደግሞ ያው አንገት በሌላ ቋንቋ ይናገራል፣ እሱ ራሱን የቻለ ዳሰሳ ይፈልጋል።

የምልክት ቋንቋ ተናጋሪዎች ይህን ሁሉ ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። በብዙ የምልክት ቋንቋዎች የእጅ ምልክቱ ሳይለወጥ ራስ ብቻ ወደ ጎን ሲነቀነቅ ዓረፍተ ነገሩ አሉታ ይሆናል። ራስ ለእነሱ ሰዋስው ነው።

እዚህ ላይ የዚህ ዳሰሳ ዋና ነገር ይመጣል። የእኛ አገር የራስ ንቅንቅ ብዙ ጊዜ «ተስማማሁ» ማለት አይደለም። «ሰማሁዎት» ማለት ነው። ይህን የተረዳሁት በራሴ ጥፋት ነው።

ከማስተማሩ ወጥቼ ለአንድ ድርጅት በአስተርጓሚነት የሠራሁበት ጊዜ ነበር። ጊራና አካባቢ በአንድ ዋርካ ሥር ገበሬዎች ተሰብስበዋል። ከውጭ የመጣው ባለሙያ ስለ እርከን ይናገራል፤ እኔ እተረጉማለሁ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች በየዓረፍተ ነገሩ ቀና ይላሉ፣ ትንፋሻቸውን ሳብ ያደርጋሉ፣ አንዳንዶቹም አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «እሺ» የሚሉም አሉ። ባለሙያው ደስ አለው። ማታ ሪፖርቱን ስንጽፍ «ተሳታፊዎቹ በሙሉ ተስማምተዋል» የሚለውን መስመር ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። በዓመቱ ስንመለስ አንድም እርከን አልተሠራም። ባለሙያው «ቃላቸውን አጠፉ» አለ። እኔም እንደ እሱ ቅር ብሎኝ አንዱን አባት ጠየቅኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እንግዳ ከሩቅ መጥቶ ሲናገር ዝም ብሎ ፊቱን ማየት ነውር አይደለም? ሰማንዎ ነው ያልነው። እርከኑማ የሚያልፍበት የእነ እገሌ የግጦሽ መሬት ነው፤ ማን ጠየቃቸው?»

ከዚያ ወዲህ ያ መስመር ከፊቴ አይጠፋም። ገበሬዎቹ ምንም አላጠፉም። ቃል አልሰጡምና ያጠፉት ቃል የለም። የዋሸው የእኔ ሪፖርት ነው።

«እሺ» የምንላት ቃልም እንዲሁ ናት። አባት ልጁን ሲልከው «እሺ» ይላል፤ ይስማማ አይስማማ የጠየቀው የለም። «እሺ» መታዘዝ ነው፣ መስማት ነው፣ «ይቀጥሉ» ማለትም ነው። ጃፓኖችም ሰው ሲያወራላቸው በየመሃሉ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ «እየሰማሁህ ነው» ይላሉ፤ ከአሜሪካ የመጣ ነጋዴ ውሉ ያለቀ መስሎት አገሩ ይመለሳል። ስለዚህ ይህ የእኛ የብቻ ባሕርይ አይደለም። ሰው በቁመቱ በሚከባበርበት አገር ሁሉ ራስ መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ተናጋሪው ክብር ነው፤ ስለ ነገሩ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ነቅንቆ ማድመጥ ራሱ ሰውን ወደ መስማማት እንደሚስብም ታይቷል። ጋሪ ዌልስና ሪቻርድ ፔቲ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1980 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን የጆሮ ማዳመጫ የሚፈትሹ አስመስለው ከፊሉን ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከፊሉን ወደ ጎን እያንቀሳቀሱ አንድ ክርክር እንዲያዳምጡ አደረጉ። ወደ ታች የነቀነቁት በክርክሩ ይበልጥ ተስማሙ። እንግዲህ ለክብር ብሎ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ሰው ሳያውቀው ልቡም ሊከተል ይችላል ማለት ነው። ይህ የሚያሰጋኝ ተናጋሪው ባለሥልጣን ወይም ባለ ገንዘብ፣ አድማጩ ደግሞ ድሃ በሆነበት ቦታ ነው።

ሐኪም ቤት ግቡ። መድኃኒት የሚያድለው ሰው «ጠዋትና ማታ አንድ አንድ፣ ከምግብ በኋላ፣ ሳያቋርጡ፤ ገባዎት?» ይላል። እናት ትንፋሽ ሳብ ያደርጋሉ። ቀጣይ! ግቢውን ሳይወጡ መድኃኒቱን ለማላውቃቸው ለእኔ ዘርግተው «ልጄ፣ እንዴት ነው ያለው?» ያሉኝ እናት አንድ ብቻ አይደሉም። ነውራቸው አይደለም፤ ነጭ ጋዋን የለበሰን ሰው «አልገባኝም» ማለት ለእሳቸው መድፈር ነው። በየቀበሌው የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከእነሱ መካከል ጎበዟ «ገባዎት?» አትልም። «እስቲ ቤት ሲደርሱ ለባለቤትዎ እንዴት አድርገው ይነግሯቸዋል?» ትላለች። ያኔ አንገት ይቀርና ቃል ይወጣል።

ሕጋችን በዚህ ላይ የሚለው አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1681 አንድን ሐሳብ መቀበል በቃል፣ በጽሑፍ፣ በልማድ በሚሠራበት ምልክት ወይም መስማማቱን በማያጠራጥር አኳኋን ሊደረግ ይችላል ይላል። ስለዚህ የማሽላ ሻጯ እናት ቅንድብ በሕግ ፊት የጸና ስምምነት ነው፤ ገበያው ይህን ምልክት በልማድ ያውቀዋል፣ አያጠራጥርም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1682 ግን ዝምታን እንደ መቀበል አይቆጥርም። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለችው ቀጭን መስመር ናት የእኛን አገር ብዙ ጣጣ የያዘችው። የተደፋ አንገት ምልክት ነው ወይስ ዝምታ?

ገበያ ላይ ጥያቄው ቀላል ነው፤ ማሽላውን መመለስ ይቻላል። ሽማግሌ ተልኮ ሲመጣ ግን አይቀልም። ልጅቷ ትጠራለች፤ ከበሩ ጥግ ትቆማለች፤ ነጠላዋ እስከ ቅንድቧ ወርዷል። «እንግዲህ ሰምተሻል» ይሏታል። አንገቷን ትደፋለች። ሌላ ልታደርገው የምትችለው ነገር አልተማረችም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትልቅ ሰው ሲናገር አቀርቅሪ ተብላ ያደገች ናት። ከዚያ ደስታ ይሆናል፤ «እሺ ብላለች» ይባላል። አላለችም። ገበሬዎቹ ዋርካው ሥር ካሉት በላይ አላለችም፤ ሰማሁ ነው ያለችው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ የሚጸናው ሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ መሆኑን፣ ዕድሜያቸውም ከ18 ዓመት ማነስ እንደሌለበት ደንግጓል። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። ሕጉ ፈቃድ ሲል ድምፅ ያለው ፈቃድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ለባህላችን እንግዳ አይደለም። ዱዓ ሲደረግ ማንም ራሱን ነቅንቆ አያልፍም፤ «አሚን» ይላል፣ ድምፁ እስኪሰማ። ቄሱ ሲባርኩም ሕዝቡ «አሜን» ይላል። ለከበደ ነገር አንገት እንደማይበቃ ሁለቱም እምነቶቻችን ከጥንት ያውቃሉ።

ስለዚህ ለሽምግልና የምትላኩ አባቶችና እናቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። ልጅቷ አንገቷን ስትደፋ አትነሱ። ጥቂት ቆዩ፤ ከሌሎቹ ለብቻዋ አድርጋችሁ ቀና በይ በሏት፤ በቃሏ እስክትናገርም ቡናው ይቆይ።